የሳንቲሙ ስምና የፎቁ ቁጥር

 

ዛሬ ስለ ሁለት ነገሮች እንነጋገራለን። አንዱ በኪስ የሚያዝ ነው። ሌላው በእግር የሚረገጥ ነው። በኪስ የሚያዘው ሳንቲም ነው። በእግር የሚረገጠው ደግሞ የፎቅ ቤት ወለል ነው። «እነዚህን ሁለቱን ምን አገናኛቸው?» ትሉ ይሆናል። ያገናኟቸው አክስቴ ናቸው። እንዴት እንዳገናኟቸው ቆይታችሁ ትሰማላችሁ።

ደብተርና እርሳስ ያላችሁ አጠገባችሁ አስቀምጡ። ሳንቲም ያላችሁም ከኪሳችሁ አውጡና እጃችሁ ላይ ያዙት።

አክስቴ ፊደል የቆጠሩት ልጆቻቸውን ድረው ኩለው ከጨረሱ በኋላ ነው። አሁን የሚኖሩት አሜሪካ ነው። ልጃቸው ወስዳቸው በዋሽንግተን ከተማ አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚባል ቦታ ይኖራሉ። አማርኛውን ማንበብ ከቻሉ ወዲህ የእንግሊዝኛውንም ፊደል ጀምረዋል። አንድ ቀን ስልክ ደወሉና፣ «አንተ ልጅ፣ እዚህ አገር ሳንቲሙም ፎቁም ስሙን ደብቆ ነው የሚኖረው» አሉኝ። እኔም ሳቅሁ። ነገሩን ሲያስረዱኝ ግን ሳቄን ዋጥሁት።

መጀመሪያ የሳንቲሙን ነገር ልንገራችሁ።

አክስቴ ሱቅ ሲሄዱ መልስ ይሰጣቸዋል። መልሱ አራት ዓይነት ሳንቲም ነው። አንዱ ቀይ ነው። ሦስቱ ነጭ ናቸው። ከነጮቹ አንዷ በጣም ትንሽ ናት፤ ከቀዩም ታንሳለች። አክስቴ እንዲህ ብለው አሰቡ፦ ትልቁ ብዙ ያወጣል፣ ትንሹ ጥቂት ያወጣል። ማንም ሰው እንዲህ ነው የሚያስበው። ስለዚህ ትንሿን ነጭ ሳንቲም ናቋት። ቤት ሲገቡ በጣሳ ውስጥ እየጣሉ ለልጅ ልጃቸው መጫወቻ አደረጓት።

ያቺ ትንሽ ነጭ ሳንቲም «ዳይም» ትባላለች። የምታወጣው 10 ሴንት ነው። ቀዩ ሳንቲም የሚያወጣው 1 ሴንት ብቻ ነው። ከዳይሟ የሚተልቀው ሌላው ነጭ ሳንቲም ደግሞ 5 ሴንት ነው። አያችሁ? ትንሿ ትልቁን ሁለት እጥፍ ትበልጠዋለች።

«ታዲያ ለምን ቁጥሩን አላዩም?» ትሉኝ ይሆናል። እኔም ይህንኑ ጠየቅኋቸው። «ቁጥር የት አለና!» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የአሜሪካ ሳንቲሞች ላይ ከ1 ሴንት ጀምሮ እስከ ግማሽ ዶላር ድረስ ዋጋቸው በቁጥር አልተጻፈም። በቁጥር የሚታየው የተሠሩበት ዓመት ነው። ዋጋው የተጻፈው በቃል ነው። ቀዩ ላይ «ዋን ሴንት» ይላል፤ አንድ ሴንት ማለት ነው። የአምስቱ ላይ «ፋይቭ ሴንትስ» ይላል፤ አምስት ሴንት ማለት ነው። የሃያ አምስቱ ላይ «ኳርተር ዶላር» ይላል፤ ሩብ ዶላር ማለት ነው። ትንሿ ላይ ግን «ዋን ዳይም» ይላል። አሥርም አይል፣ ሴንትም አይል። ዳይም የሚለው ቃል ከድሮ ፈረንሳይኛ የመጣ ነው። ትርጉሙም «አንድ አሥረኛ» ነው። የዶላር አንድ አሥረኛ 10 ሴንት ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ፊደሉን ቢያነብም ዋጋውን አያገኘውም።

አሁን ደግሞ ወደ ቀዩ ሳንቲም እንምጣ። የሚያስገርመው እሱ ነው። አሜሪካኖች በአፋቸው «ፔኒ» ይሉታል። አክስቴ ግን ሳንቲሙን ገልብጠው ቢያዩት፣ መነጽር አድርገው ቢያዩት «ፔኒ» የሚል ጽሑፍ አጡበት። የተጻፈው «ዋን ሴንት» ነው። ታዲያ ፔኒ ከየት መጣ?

ፔኒ የእንግሊዝ ሳንቲም ስም ነው። አሜሪካ ነጻነቷን ከማወጇ በፊት፣ ማለትም እስከ እ.ኤ.አ. 1776 ድረስ በእንግሊዝ ሥር ነበረች። ሰዉም በእንግሊዝ ገንዘብ ስም ይቆጥር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1792 አሜሪካኖች የራሳቸውን ገንዘብ በሕግ ደነገጉ። ዶላሩን ለ100 ከፈሉት። አንዱን መቶኛ «ሴንት» አሉት። ሕጉ ተለወጠ፤ ሳንቲሙም ተለወጠ። የሰው አፍ ግን አልተለወጠም። ይኸው ከ200 ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ዛሬም ፔኒ ይሉታል።

በዚህ አንሳቅባቸው። እኛም እንዲሁ ነን። ሽማግሌዎቻችን 50 ሳንቲምን ምን ይሉታል? «ሽልንግ» ይሉታል። ሳንቲሙን ብታዩት ሽልንግ የሚል አልተጻፈበትም። ሽልንግ የመጣው ከጣሊያን ወረራ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1941 ጀምሮ የእንግሊዝ ጦር በአገራችን በነበረበት ጊዜ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ገበያ ላይ ይሠራበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1945 የራሳችን አዲስ ብር ወጣ። ያን ጊዜ አንዱ ብር በ2 ሽልንግ ይመነዘር ነበር። እንግዲህ ግማሹ ብር፣ ማለትም 50 ሳንቲም፣ ከ1 ሽልንግ ጋር እኩል ሆነ። የውጭው ሽልንግ ከገበያ ወጣ። ስሙ ግን በ50 ሳንቲሙ ላይ ተጣብቆ ቀረ። 25 ሳንቲምንም «ስሙኒ» ሲሉ የሰማችሁ ትኖራላችሁ። እሱም ሳንቲሙ ላይ የማይገኝ ስም ነው።

«ቤሳ ቤስቲን የለኝም» እንላለን አይደል? ቤሳ ድሮ የነበረ ትንሽ የመዳብ ገንዘብ ነው። ዛሬ ቤሳ በኪሱ የያዘ ሰው የለም። ገንዘብ ያጣ ሰው ግን ዛሬም የሚያጣው ቤሳ ነው።

«ሳንቲም» የሚለው ስማችንስ? እሱም እንግዳ ነው። ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው። መቶኛ ማለት ነው። አሜሪካኖች «ሴንት» የሚሉትም መቶ ከሚል የላቲን ቃል የወጣ ነው። ስለዚህ ሴንትና ሳንቲም የአንድ እናት ልጆች ናቸው።

የእንግሊዞቹ ፔኒ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። በድሮው አቆጣጠራቸው 12 ፔኒ 1 ሽልንግ ነበር። 20 ሽልንግ ደግሞ 1 ፓውንድ ነበር። እስቲ አባዙት። 12 ጊዜ 20 ስንት ነው? 240 ነው። አንድ ፓውንድ 240 ፔኒ ነበር ማለት ነው። በዚህ አቆጣጠር ሂሳብ የተማረ ልጅ አሳዘነኝ። ይህ ሁሉ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1971 ቀረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ 1 ፓውንድ 100 ፔኒ ሆነ። ሕዝቡ አሮጌውን ከአዲሱ እንዲለይ ሳንቲሙ ላይ «አዲስ ፔኒ» ብለው ጻፉበት። አዲስነቱ እስከ እ.ኤ.አ. 1981 ድረስ ቆየ። ከ1982 ጀምሮ «አንድ ፔኒ» ይላል።

በእንግሊዝ አገር የምትኖሩ አድማጮች አንድ ነገር ሞክሩ። ማግኔት ፈልጉና ፔኒ አስጠጉበት። አንዳንዱ ይጣበቃል፣ አንዳንዱ እምቢ ይላል። እ.ኤ.አ. ከ1992 በፊት የተሠራው መዳብ የበዛበት ነሐስ ነው፤ ማግኔት አይወደውም። ከዚያ ወዲህ የተሠራው ውስጡ ብረት ነው፤ መዳብ የተቀባው ከላይ ብቻ ነው። ሁለቱም በመልክ አንድ ናቸው። የአሜሪካውም ፔኒ እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1982 ወዲህ መዳብ የሚመስለው ላዩ ብቻ ነው። ውስጡ ዚንክ የሚባል ርካሽ ብረት ነክ ነገር ነው። ከ100 እጅ ውስጥ መዳቡ 2 እጅ ከግማሽ ብቻ ነው።

ርካሽ ብዬዋለሁ። ግን ርካሹም ተወደደ። እ.ኤ.አ. በ2024 አንድ ፔኒ ለመሥራት የአሜሪካ መንግሥት ያወጣው ወደ 3.7 ሴንት ነበር። በ3.7 ሴንት የ1 ሴንት ዕቃ መሥራት ማለት ነው። ጤፍ በ100 ብር ገዝቶ እንጀራውን በ27 ብር እንደ መሸጥ ቁጠሩት። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 12 ቀን 2025 ፊላደልፊያ በምትባለው ከተማ ለመገበያያ የሚሆነው ፔኒ ለመጨረሻ ጊዜ ተሠራ። ጎረቤታቸው ካናዳ ቀድማለች፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ፔኒ መሥራቷን አቁማለች። መሥራቱ ይቁም እንጂ በአሜሪካ ያለው ፔኒ ግን ገንዘብነቱ አልቀረም። በእጁ ያለው ሰው ይገበይበታል።

አሁን ከሳንቲሙ ወደ ፎቁ እንሂድ። የምንሄደውም በአንድ ወሬ ላይ ተሳፍረን ነው።

ኒውዮርክ ውስጥ ኤምፓየር ስቴት የሚባል ሕንፃ አለ። እ.ኤ.አ. በ1931 ተሠርቶ አለቀ። 102 ፎቅ አለው። እስከ ጣሪያው ቁመቱ 381 ሜትር ነው። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሰው፣ «ከዚያ ሕንፃ ላይ ፔኒ ብትወረውር ታች የሚሄደውን ሰው አናቱን በስታ ትገድለዋለች» ይላል። ይህ ወሬ ውሸት ነው። አየር ባይኖር ኖሮ ፔኒዋ መሬት ስትደርስ በሰዓት ወደ 300 ኪሎ ሜትር ትሮጥ ነበር። ነገር ግን አየር አለ። ፔኒ ክብደቷ 2 ግራም ተኩል ነው። ጠፍጣፋ ናት። ስትወርድ እንደ ቅጠል ትገላበጣለች። አየሩም ይይዛታል። የሚመታው ሰው ይቆጣ ይሆናል እንጂ አይሞትም። ቢሆንም ከፎቅ ላይ ዕቃ አትወርውሩ። ድንጋይና ጠርሙስ እንደ ፔኒ አይደሉም።

102 ፎቅ አልኋችሁ። ግን መቁጠር የተጀመረው ከየት ነው? አክስቴን ያስለቀሳቸው ይህ ጥያቄ ነው።

አክስቴ ዓይናቸው ደከመ። ፊደሉ እንደ ጉንዳን መንጋ ይተራመስባቸው ጀመር። ልጃቸው የዓይን ሐኪም ቀጠሮ አስያዘችላቸው። በቀጠሮው ቀን ልጅቱ ሥራ ስለነበረባት እበሩ ላይ አውርዳቸው ሄደች። ወረቀቱ ላይ «2ኛ ፎቅ፣ ክፍል 214» ይላል። አክስቴ ይህን ራሳቸው አነበቡ። በአሳንሰር፣ ብዙ ሰው ሊፍት በሚለው፣ መውጣት ይፈራሉ። በደረጃው ወጡ። አንድ ወለል ወጡና «ይህ አንደኛ ፎቅ ነው» አሉ። ሌላ ወለል ወጡና «ይኸው ሁለተኛ ፎቅ» አሉ። አዲስ አበባ እንደሚቆጠረው ነው የቆጠሩት። 14 የሚል በር አገኙ። ከፊቱ ያለችውን 3 ቁጥር በደከመው ዓይናቸው ልብ አላሏትም። ከበሩ ውጪ ወንበር ነበር። ተቀመጡ። ስማቸው እስኪጠራ አንድ ሰዓት ሙሉ ጠበቁ። ማንም አልጠራቸውም። በመጨረሻ ወረቀቱን ለአንዲት ሴት አሳዩ። ሴትየዋ ወደ ታች ጠቆመቻቸው። ሲወርዱ ተራቸው አልፏል። ሌላ ቀጠሮ የተሰጣቸው ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው። ስድስት ሳምንት ሙሉ ደብተራቸውን ሳያነቡ ከረሙ። «ከስንት ዓመት በኋላ ያገኘሁትን ፊደል ሁለት ደረጃ ወስዶብኝ ነበር» አሉኝ።

አክስቴ አልተሳሳቱም። የቆጠሩት በአገራቸው ደንብ ነው። እኛ መሬት ላይ ያለውን ወለል ፎቅ አንለውም። «ፎቅ» ከዓረብኛ የመጣ ቃል ነው፤ «በላይ» ማለት ነው። ከመሬት በላይ የሆነው ነው ፎቅ። ስለዚህ አንደኛ ፎቅ የምንለው አንድ ደረጃ ወጥተን የምናገኘውን ነው። እንግሊዞችም፣ ፈረንሳዮችም፣ ጀርመኖችም እንዲሁ ይቆጥራሉ። መሬት ላይ ያለውን በሌላ ስም ይጠሩታል። እስራኤል ያላችሁ «ቆማት ካርካ» ሲባል ትሰማላችሁ፤ የመሬት ወለል ማለት ነው። አሜሪካኖች ግን የሚቆጥሩት ከሚረግጡት ወለል ነው። ከመንገድ ስትገቡ አንደኛ ፎቅ ላይ ናችሁ። አንድ ደረጃ ስትወጡ ሁለተኛ ነው። ሩሲያኖችና ቻይናዎችም እንዲሁ ናቸው።

የትኛው ልክ ነው? እኔ ብጠየቅ የእኛ ይሻለኛል፤ ሳልወጣ ወጣሁ ማለት አልወድም። ቢሆንም የእኛም አነጋገር ጣጣ አለው። «ባለ አራት ፎቅ ቤት» ስንል አንዱ ሰው መሬቱን ጨምሮ አራት ይቆጥራል። ሌላው መሬቱን ትቶ አራት ይቆጥራል። ግንበኞች ይህን ስለሚያውቁ «ጂ ፕላስ አራት» ይላሉ። «ጂ» መሬት ላይ ያለው ወለል ነው፤ «ፕላስ አራት» ከላዩ አራት ማለት ነው። በጠቅላላው አምስት ወለል ነው። የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ቤቶች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። «ምድር ቤት» የምንለውም ቃል ያሳስታል። አንዱ ሰው መሬት ላይ ያለውን ይልበታል። ሌላው ከመሬት በታች ያለውን ይልበታል። ቤት የምትከራዩ ሰዎች «መስኮት አለው ወይ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ትለዩታላችሁ።

በአሳንሰር ስትገቡ ቁልፎቹን እዩ። በዱባይና በሌሎች የዓረብ አገሮች «ጂ» የምትለው የእንግሊዝኛ ፊደል መሬቱ ናት። «ኤም» በመሬቱና በአንደኛው መካከል ያለ ወለል ናት። «ፒ» መኪና ማቆሚያ ናት። በአሜሪካ «ኤል» የሚል ካያችሁ እንግዳ የሚገባበት አዳራሽ ነው። አሜሪካ ላላችሁ ደግሞ አንድ ምልክት ልንገራችሁ። ከቁልፎቹ በአንዱ አጠገብ ኮከብ አለች። ኮከቧ ያለችበት ወለል ዋናው መግቢያና መውጫ ነው። በጣት ብትዳስሷት ከፍ ብላ ትገኛለች። ዓይነ ስውርም፣ ፊደል ያልቆጠረም ሰው በሷ ይወጣል።

ደግሞ 13ን ብትፈልጉ ላታገኙ ትችላላችሁ። ብዙ የአሜሪካ ሕንፃ ላይ ከ12 ቀጥሎ 14 ነው የተጻፈው። 13 ቁጥር መጥፎ ዕድል ያመጣል ብለው የሚፈሩ ሰዎች ስላሉ ነው። ወለሉ ግን የትም አልሄደም። 14 ተብሎ የተጻፈው ራሱ 13ኛው ነው። በቻይና ደግሞ የሚፈራው 4 ነው። በቋንቋቸው አራትና ሞት በድምፅ ይቀራረባሉ።

የክፍሉን ቁጥር ነገር ለመጨረሻ አስቀርቼዋለሁ። ብዙ ሕንፃዎች ላይ ሦስት አኃዝ ባለው የክፍል ቁጥር መጀመሪያ ያለው አኃዝ ፎቁን ይናገራል። 214 ማለት በ2 ፎቅ 14ኛው ክፍል ነው። 314 በ3 ፎቅ 14ኛው ነው። ከመሬት መቁጠር ቢያምታታችሁም በር ላይ ያለውን የፊቱን አኃዝ አንብቡ። ወረቀታችሁ ላይ ካለው ጋር አስተያዩት። ሁለቱ አንድ ካልሆኑ አትቀመጡ፤ ውረዱ ወይም ውጡ።

አክስቴ በሁለተኛው ቀጠሮ እንዲህ አደረጉ። 2 ቁጥርን በጣታቸው እየዳሰሱ በሩን አገኙት። መነጽርም ተሰጣቸው። መነጽሩን አድርገው ቤት ሲገቡ መጀመሪያ ያነሡት ያቺን የልጅ ልጃቸውን ጣሳ ነው። ጠረጴዛ ላይ ገልብጠው ነጯን ትንሽ ሳንቲም አንድ በአንድ እያነሡ ጽሑፏን አነበቡ። ዳይሞቹ 47 ሆኑ።

እንግዲህ የሳምንቱ ሥራችሁ ይህ ነው። አንደኛ፣ 47 ዳይም ስንት ዶላር ከስንት ሴንት ነው? በደብተራችሁ አስሉ። ሁለተኛ፣ እጃችሁ ያለውን የአገራችንን ሳንቲም እዩ። አንበሳ ባለበት በኩል ዓመቱ በግዕዝ ቁጥር ተጽፏል። ብዙዎቹ አሮጌዎቹ ላይ ፲፱፻፷፱ ይላል። ፲፱ አሥራ ዘጠኝ ነው። ፻ መቶ ነው። ፷፱ ስልሳ ዘጠኝ ነው። አንድ ላይ 1969 ዓመተ ምሕረት ይሆናል። የእናንተ ሳንቲም ዓመት ስንት ነው? ሦስተኛ፣ በሠፈራችሁ የፎቅ ቤት ካለ ከውጭ ቆማችሁ ወለሎቹን ሁለት ጊዜ ቁጠሩ። አንድ ጊዜ እንደ እኛ፣ አንድ ጊዜ እንደ አሜሪካኖች ቁጠሩና ሁለቱንም ቁጥር ጻፉ።

መልሱን በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት እናየዋለን። እስከዚያው ደህና ሰንብቱ። ጤና ይስጥልን።